ራስ የሚያስነቀንቀው በሽታ፦ አንቲቦዲው ጥፋተኛ ነው ወይስ ምስክር?

በዚህ እትም የታሪክ ገጻችን ስለ ንጉሥም ስለ ጦርነትም አይደለም። ስለ አንድ በሽታ፣ ከበሽታውም ጀርባ ስላለ የመቶ ዓመት ክርክር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩን ያስጀመረኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሙንድሪ በኩል የመጣ ልጅ ነው፤ ታናሽ እህቱም እዚሁ ትማራለች። አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ ደብተሯ ላይ አንገቷን ደፋ ቀና፣ ደፋ ቀና ስታደርግ አየሁና «ማታ አልተኛሽም እንዴ?» ብዬ ተቆጣኋት። ክፍሉ ሳቀ። በእረፍት ሰዓት ወንድሟ መጣና «ቲቸር፣ እንቅልፍ አይደለም፣ በሽታ ነው» አለኝ። አፈርኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ «ሰዎች የራሷ ደም ነው አንጎሏን የጎዳው ይላሉ። ሰው በራሱ ደም ይታመማል እንዴ?» ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ ይዤ ሳነብ ያገኘሁት ነው።

በሽታው «ኖዲንግ ሲንድረም» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር ራስ የሚያስነቀንቅ በሽታ ልንለው እንችላለን። የሚይዘው ልጆችን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ደህና የነበረ ልጅ፣ በተለይ ምግብ ሲቀርብለት ወይም ሲበርደው፣ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ወደቅ ይልና ይመለሳል፤ እንደገና ወደቅ ይልና ይመለሳል። በደቂቃ ከ5 እስከ 20 ጊዜ። በዩጋንዳ ኪትጉም አውራጃ በአንጎል ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚለካ መሣሪያ የተመረመሩ ልጆች እንዳሳዩት፣ ይህ ነቅነቅ ማለት ራሱ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፤ የአንገት ጡንቻ ለቅጽበት ኃይሉን ያጣል። እየቆየ ሲሄድ ሙሉ ሰውነትን የሚያንፈራግጥ መውደቅ ይመጣል። ትምህርት ይከብዳል። የአንዳንዶቹ ቁመት ባለበት ይቆማል፤ የጉርምስና ምልክት ይዘገያል። የሚሞቱትም ብዙ ጊዜ እሳት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ ወድቀው ነው። በሰሜን ዩጋንዳ እርሻ የሚሄዱ ወላጆች ልጃቸው እሳት ላይ እንዳይወድቅ ዛፍ ሥር በገመድ አስረው ይሄዱ እንደነበር ተዘግቧል። ጭካኔ አይደለም፤ ሌላ የሚያደርጉት ስለጠፋቸው ነው።

በሽታው አዲስ የመጣ ይመስላል እንጂ አይደለም። በ1950 በዩጋንዳ፣ ጂንጃ አካባቢ ባለው የማቢራ ጫካ ዳር ቁመታቸው የቀረ፣ ብዙዎቹም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች መኖራቸው ተጽፏል። የአገሬው ሰው «ናካላንጋ» ይለዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሉዊዝ ዪሌክ-ኦል የምትባል የኖርዌይ ተወላጅ ሐኪም በታንዛኒያ ማሄንጌ ተራሮች ውስጥ ትሠራ ነበር። እዚያ ያሉት የፖጎሮ ሰዎች በስዋሂሊ «ኪፋፋ» በሚሉት የሚጥል በሽታ ይሰቃዩ ነበር። ሕመምተኞቹ ከማኅበረሰቡ ተገልለው የሚኖሩ ናቸው። ሐኪሟ ክሊኒክ ከፍታ መድኃኒት መስጠት ጀመረች፤ ከልጆቹ አንዳንዶቹም ከመውደቃቸው በፊት ራሳቸውን ሲነቀንቁ ማየቷን ጻፈች። ጽሑፏ በ1965 ቢታተምም ለብዙ ዓመት ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በ1990ዎቹ በደቡብ ሱዳን፣ በሉዊና በሙንድሪ በኩል ይኸው ነገር ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2001 እና በ2002 ሄደው አዩት። በሰሜን ዩጋንዳም በኪትጉም፣ በፓደርና በላምዎ አውራጃዎች ሕዝቡ በጦርነቱ ምክንያት ከቀዬው ተነሥቶ በመጠለያ ካምፕ በታጎረበት ዘመን ልጆች ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። በ2012 የዩጋንዳ መንግሥት የሕመምተኞቹን ቁጥር ከ3,000 በላይ አድርሶት ነበር። በዚያው ዓመት በካምፓላ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተደርጎ «ኖዲንግ ሲንድረም ማለት ይህ ነው» የሚል የጋራ መመዘኛ ወጣ።

ካምፕ የኖረ ሰው ወላጆቹ ምን እንደጠረጠሩ ለመገመት አይቸግረውም። አንዳንዱ «የእርዳታው እህል ነው» አለ። አንዳንዱ «የቦምቡ ጭስ ነው፣ መርዝ ረጭተውብናል» አለ። ሌላው የሞቱት ሰዎች መንፈስ ነው አለ። ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ ይህን ጥርጣሬ አልናቁትም፤ ምግቡን፣ መርዙን፣ ቫይረሱን፣ የቪታሚን እጥረቱን ሁሉ መርምረዋል። ከሁሉ ወጥቶ የቀረ አንድ ነገር ነበር። በሽታው ያለባቸው ቦታዎች ሁሉ በኃይል የሚወርድ ወንዝ አጠገብ ናቸው፤ በወንዙ ዳርም ጥቁር ዝንብ አለ፤ ጥቁር ዝንቡም ኦንኮሰርካ ቮልቩለስ የሚባለውን ትል ያስተላልፋል።

ይህን ትል ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በካፋ፣ በሸካ፣ በጅማ፣ በኢሉባቦር ወይም በመተከል ያደጋችሁ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በቁመት መለኪያ እንጨት አስደግፈው የሰጧችሁን ኪኒን ታስታውሳላችሁ። ያ ኪኒን አይቨርሜክቲን ነው፤ የንግድ ስሙ ሜክቲዛን ነው። አምራቹ ሜርክ ኩባንያ በነፃ እንደሚሰጠው ያስታወቀው በ1987 ነው። ትሏ ከቆዳ ሥር እብጠት ሠርታ ከ10 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ የምትፈለፍላቸው ጥቃቅን እጮች በቆዳ ውስጥ እየተዘዋወሩ ያሳክካሉ፤ ዓይን ሲገቡ ደግሞ ያሳውራሉ። ኪኒኑ የሚገድለው እጮቹን እንጂ እናቲቱን ስላልሆነ ነው በየዓመቱ መውሰድ የሚያስፈልገው። ጦርነት ባለበት አገር ግን ኪኒን አዳዩ አይደርስም።

እዚህ ላይ እንቆቅልሹ ይመጣል። ትሏ የምትኖረው ቆዳ ውስጥ ነው። በሕመምተኞቹ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ሲፈለግ አልተገኘችም፤ በሞቱት ልጆች አንጎል ውስጥም አልታየችም። ታዲያ ቆዳ ውስጥ ያለ ትል እንዴት አንጎል ይጎዳል? የተማሪዬ ጥያቄ የሚገባው እዚህ ነው። ምናልባት አንጎሉን የጎዳው ትሏን ለመዋጋት የወጣው የሰውነት ወታደር ይሆን?

ወታደሩ አንቲቦዲ ይባላል፤ በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል እንለዋለን። በደም ውስጥ የሚዘዋወር ፕሮቲን ነው። ጀርም ወይም ትል ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች የጠላቱን መልክ አይተው፣ በዚያ መልክ ላይ ብቻ የሚጣበቅ አንቲቦዲ ይሠራሉ። ዘበኛው ሌባውን በለበሰው ኮት ያውቀዋል እንበል። ጥሩ ነው። ግን የቤቱ ልጅ ያንኑ ዓይነት ኮት የለበሰ ቀንስ?

የጀርመኑ ሊቅ ፓውል ኤርሊክ ይህን ጥያቄ ያነሳው በ1900 ገደማ ነው። ፍየሎችን በሌሎች ፍየሎች ደም ወጋቸው። ፍየሎቹ የሌላውን ደም የሚያፈርስ አንቲቦዲ ሠሩ፤ የራሳቸውን ደም የሚያፈርስ ግን አንድም አልሠሩም። ኤርሊክም ሰውነት ራሱን መመረዝን ይፈራል፣ እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ የሚከለክል ሥርዓት አለው አለ። ስም ያለው ሊቅ ነበርና (በ1908 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል) ቃሉ እንደ ሕግ ተወሰደ። በ1904 ሁለት ሐኪሞች በብርድ ጊዜ የራሱን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርስ አንቲቦዲ በሰው ደም ውስጥ ቢያሳዩም ብዙው ሰው እንደ ልዩ አጋጣሚ ነው ያየው። በበኩሌ ኤርሊክ ተሳሳተ ለማለት ይከብደኛል፤ ሰውነት ራሱን የሚጠብቅ ሥርዓት እንዳለው ልክ ነበር። የተሳሳቱት ሥርዓቱ አይሰበርም ብለው የደመደሙት ናቸው።

ሥርዓቱ አንጎል ላይ ሲሰበር መጀመሪያ የታየው በክትባት ነው። ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ የከተበው ከጥንቸል የደረቀ ኅብለ ሰረሰር በተሠራ ክትባት ነው። ልጁ ዳነ፤ ክትባቱም ዓለምን ዞረ። ሆኖም ከተከተቡት ጥቂቶቹ ከቀናት በኋላ እግራቸው ይሽመደመድ፣ ራሳቸውን ይስቱ ጀመር። የእብድ ውሻ በሽታ አይደለም። ምንድን ነው? በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ቶማስ ሪቨርስና ባልደረቦቹ በ1933 መልሱን አገኙ። ጤነኛ ዝንጀሮዎችን ምንም ጀርም በሌለው የጥንቸል አንጎል ደጋግመው ወጉ። ከዝንጀሮዎቹ አንዳንዶቹ ሽባ ሆኑ፤ አንጎላቸውም ተቆጥቶ ተገኘ። የገባው የአንጎል ሥጋ ብቻ ነው። የዝንጀሮው መከላከያ የእንግዳውን አንጎል ሲያጠቃ የራሱንም አብሮ መታው ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ይሠራ የነበረው የእብድ ውሻ ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ በጣሊያናዊው ፌርሚ ዘዴ የተሠራ ነበር፤ ሌላው ዓለም ከተወው በኋላም ለረጅም ዘመን አገልግሏል። በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ሆዳችን ላይ የተወጋነው ያን ነው። በ1987 በታይላንድ የተደረገ ጥናት እንዲህ ባለ ክትባት የተጎዱ ሰዎች ደም ውስጥ የነርቭ ሽፋን የሆነውን ፕሮቲን የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች አሳይቷል። አደራ ታዲያ፣ ይህን አንብቦ ክትባት የሚሸሽ እንዳይኖር፦ በእብድ ውሻ የተነከሰና በሽታው የጀመረው ሰው አይድንም፤ አዲሶቹ ክትባቶች ደግሞ የአንጎል ሥጋ የለባቸውም።

የኮቱን ነገር የሚያስረዳ ሌላም ምሳሌ አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም በ1686 እጅና እግራቸው ያለ ፈቃዳቸው የሚወራጭ ልጆችን በሽታ ጻፈ። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ፣ የልብ በሽታ ከሚያስከትለው ሩማቲክ ፊቨር ጋር የሚሄድ ነው። በ1976 ተመራማሪዎች የእነዚህን ልጆች ደም መርምረው ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ውስጥ በአንጎል ጥልቅ ክፍል ባሉ ሴሎች ላይ የሚጣበቅ አንቲቦዲ አገኙ። አንቲቦዲው የጉሮሮውን ባክቴሪያም ያውቃል። አንድ ኮት፣ ሁለት ሰው።

ግን ተጣበቀ ማለት ጎዳ ማለት ነው? በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ታሪክ ተማሪዎቻችን ሊይዙት የሚገባው ጥያቄ ይኸ ነው። በ1980ዎቹ በኒው ዮርክ የጀሮም ፖዝነር ላቦራቶሪ ካንሰር ይዟቸው አንጎላቸው የሚጎዳ ሰዎችን ያጠና ነበር። በደማቸው የአንጎል ሴልን የሚያውቁ አንቲቦዲዎች ተገኙ። ደስታ ሆነ። አንቲቦዲውን ከደም ማጣራት ግን ብዙዎቹን ሕመምተኞች አላዳነም። በኋላ እንደተረዱት፣ እነዚያ አንቲቦዲዎች የሚፈልጉት ነገር በሴሉ ሆድ ውስጥ የተደበቀ ነው፤ አንቲቦዲ ደግሞ በሕይወት ያለ ሴል ውስጥ ሰተት ብሎ አይገባም። ሴሎቹን የገደሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ነበሩ። አንቲቦዲው በቦታው ተገኘ እንጂ እጁ የለበትም። ምስክር ነው።

የፖዝነር ባልደረባ የነበረው ካታላናዊው ሐኪም ጆሴፕ ዳልማው ነው ጥፋተኛውን አንቲቦዲ ያገኘው። በ2005 እሱና ባልደረቦቹ የአራት ወጣት ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ። ሴቶቹ በድንገት የማይሆን ነገር ማውራት፣ መርሳት፣ መንፈራገጥ ጀመሩ፤ መተንፈስም አቃታቸው። አራቱም ኦቫሪ በሚባለው የሴት እንቁላል በሚመረትበት አካል ላይ ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ነበረባቸው። ይህ ዕጢ እንግዳ ነገር ነው፤ ውስጡ ፀጉር፣ ጥርስ፣ አንዳንዴም የአንጎል ሥጋ ይገኝበታል። በ2007 በ12 ሴቶች ላይ ባደረገው ጥናት ዳልማው አንቲቦዲው የሚጣበቅበትን ቦታ ለየ፦ ኤን-ኤም-ዲ-ኤ ተቀባይ ይባላል፤ ለትውስታና ለትምህርት የሚያስፈልግ፣ በነርቭ ሴሉ ውጭ በኩል የሚገኝ በር ነው። ውጭ ስለሆነ አንቲቦዲው ይደርስበታል። ዕጢው ሲወጣና አንቲቦዲው በመድኃኒት ሲቀንስ ብዙዎቹ ዳኑ። በ2010 የወጣ ጥናት ደግሞ እንዴት እንደሆነ አሳየ፦ አንቲቦዲው በሮቹን እያጣመረ ወደ ሴሉ ውስጥ እንዲገቡ ያደርጋቸዋል፣ በሩ ከውጭ ይጠፋል፤ አንቲቦዲው ሲወገድ በሩ ተመልሶ ይወጣል። ሴሉ አልሞተም ነበር።

በ2009 ሱዛና ካሃላን የምትባል የ24 ዓመት የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ይኸው ያዛት። «አብዳለች» ሊባል ጥቂት ሲቀር ሱሄል ናጃር የተባለ ሐኪም የሰዓት ሥዕል እንድትሥል ጠየቃት። ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ወገን አጨቀቻቸው። የአንጎሏ አንድ ወገን እንደተጎዳ በዚያ ታወቀ። ድና ታሪኳን በ2012 በመጽሐፍ አወጣች። ይህ በሽታ ሰውን ብቻ እንደማይዝ በ2015 ታውቋል፦ ከአራት ዓመት በፊት በበርሊን መካነ አራዊት ውኃ ውስጥ ወድቆ የሞተው ክኑት የተባለ ነጭ ድብም አንቲቦዲው ተገኝቶበታል። በየጠበሉና በየአማኑኤሉ ስንቱ እንዲህ ያለ ሰው አልፎ እንደሄደ ሳስብ ዝም ያሰኘኛል።

እንግዲህ ወደ ልጅቷ እንመለስ። ከዳልማው ሥራ በኋላ ምክንያቱ ያልታወቀ የአንጎል በሽታ ያለበት ተመራማሪ ሁሉ አንቲቦዲ መፈለግ ጀመረ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም አቪንድራ ናትና ቶሪ ጆንሰን ከዩጋንዳ ሐኪሞች ጋር ሆነው የኖዲንግ ሲንድረም ሕመምተኞችን ደም ወሰዱ። ወደ 9,000 የሚጠጉ የሰው ፕሮቲኖች በተደረደሩበት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አፈሰሱትና የቱ ላይ እንደሚጣበቅ አዩ። በሕመምተኞቹ ደም በጣም ጎልቶ ከታየው አንዱ ሌይሞዲን-1 ከሚባል ፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ አንቲቦዲ ነበር። ሌይሞዲን-1 በጡንቻ ይታወቃል እንጂ በአንጎል ይገኛል ያለ አልነበረም። በአይጥ አንጎል ሲፈልጉት በትውስታና በእንቅስቃሴ ክፍሎች አገኙት። ይኸው አንቲቦዲ የትሏንም ፕሮቲን ያውቃል። ላቦራቶሪ ውስጥ ባደገ የሰው ነርቭ ሴል ላይ ሲጨመር ሴሎቹ ሞቱ፤ አንቲቦዲው ከደሙ ሲወጣ ብዙዎቹ ተረፉ። ውጤቱ በየካቲት 2017 ታተመ። ለተማሪዬ የደረሰው ወሬ ይህ ነው።

ክሱ ጠንካራ ይመስላል። ግን ከዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ፤ አንቲቦዲው የተገኘው ከሕመምተኞቹ በግማሽ ገደማ ነው፤ ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸውም በሲሶው ገደማ ተገኝቷል። እንግዲህ ግማሹን ሕመምተኛ ማን ነካው? ሲሶውን ጤነኛስ ለምን ተወው? በ2018 ደግሞ በዩጋንዳ የሞቱ ልጆችን አንጎል የመረመሩ ሰዎች ታው የሚባል ፕሮቲን ተጠራቅሞ አገኙና በሽታው ከሽማግሌዎች የመርሳት በሽታ ጋር የሚዛመድ ነው አሉ። በ2019 ሌሎች መርምረው «የለም፣ ዋናው ነገር የአንጎል መቆጣት ነው፣ ታው ጥቂት ነው» አሉ። ጭቅጭቁ አሁንም አለ።

በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ኢድሮ የሚመራው ቡድን ክርክሩን በመድኃኒት ሊፈትነው ተነሣ። በትሏ ሆድ ውስጥ ወልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል፤ ያለ እሱ ትሏ መውለድ አትችልም። ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያውን ይገድላል። ስለዚህ ለ240 ሕመምተኞች በዕጣ ለግማሹ ዶክሲሳይክሊን፣ ለግማሹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ለስድስት ሳምንት ሰጡ፤ ማን ምን እንደወሰደ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቅም። ሐሳቡ ትሏ ከመከነች አንቲቦዲው ይቀንሳል የሚል ነበር። ውጤቱ በ2024 ሲወጣ አንቲቦዲው አልቀነሰም። ይህ አንቲቦዲውን ነፃ አያወጣውም፤ ጥፋተኛም አያደርገውም።

ትሏ ራሷ ግን? በእሷ ላይ ያለው ማስረጃ ከየትኛውም ላቦራቶሪ በላይ የሚያሳምነኝ ከካሜሩን ምባም ወንዝ ሸለቆ የመጣው ነው። በ1991 እና በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በሰባት መንደሮች የሕፃናት ቆዳ ተቆንጥሮ እጮቹ ተቆጥረው ተመዝግበው ነበር። በ2017 ተመራማሪዎች መዝገቡን ይዘው ተመለሱና ልጆቹ ምን እንደሆኑ ጠየቁ። በሕፃንነቱ ብዙ እጭ የነበረበት፣ ካደገ በኋላ በሚጥል በሽታ የመያዝ ዕድሉ እጅግ የበለጠ ነበር፤ እጭ በብዛት የተቆጠረባቸው ምንም ካልተገኘባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ከ20 እጥፍ በላይ። መጀመሪያ እጩ፣ ኋላ በሽታው። ማንኛውም የመንደር ጤና ሠራተኛ ጥሩ መዝገብ ቢይዝ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣዋል።

ለዚህም ነው የአንቲቦዲው ችሎት ሳያልቅ ሥራው የተጀመረው። በሰሜን ዩጋንዳ ከ2012 ወዲህ አይቨርሜክቲን በዓመት ሁለት ጊዜ ሲታደልና የዝንቡ መራቢያ ወንዞች በመድኃኒት ሲረጩ አዲስ ሕመምተኛ የሚባል እምብዛም ጠፋ። በደቡብ ሱዳን ማሪዲ በ2018 ቤት ለቤት ሲቆጠር ከ100 ሰው ከ4 በላይ የሚሆነው የሚጥል በሽታ ያለበት ሆኖ ተገኘ፤ በአብዛኛው ዓለም ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ከማሪዲ ግድብ የሚፈሰው ውኃ ዳር ባለው ሣርና ቅጠል ላይ ጥቁር ዝንቡ ይራባል። ከ2019 ጀምሮ የአገሩ ወጣቶች በገጀራ ሣሩንና ቅጠሉን እየመነጠሩ ያጸዳሉ፤ የዝንቡም ንክሻ በጣም ቀንሷል።

አስቀድሞ ለታመሙት ግን ይህ አይደርስላቸውም። ለእነሱ ያለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው፤ ሶዲየም ቫልፕሮኤትና የመሳሰሉት። አያድንም፣ ግን ነቅነቁንና መውደቁን ይቀንሳል፣ በየቀኑ ከተወሰደ። ለመምህራን አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ እጁንና እግሩን ጠፍንጎ መያዝ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ሥር ልብስ አድርጉለት፣ ድንጋዩንና ወንበሩን አርቁ፣ እስኪነቃ አብራችሁት ቆዩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ክሊኒክ። አረፋው አይጋባም፤ በአንድ ሳህን መብላትም አያስይዝም።

ለተማሪዬ ይህን ሁሉ በሁለት ክፍለ ጊዜ ነገርኩት። «ታዲያ የራሷ ደም ነው ወይስ አይደለም?» አለኝ። ተጠርጥሯል፣ ገና አልተፈረደበትም አልኩት። እህቱ አሁን በፊተኛው ወንበር፣ ከግድግዳው ጥግ ነው የምትቀመጠው። ኪኒኗን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። ምሳ ሰዓት ላይ ከማብሰያው እሳት ርቃ ትበላለች፤ ሁለት ጓደኞቿ በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ፤ ሳህኑ የጋራ ነው።